የእህቴን ድምፅ ለሚጠብቀው ቢሮ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የውጭ አገር ትምህርት ቢሮ ኃላፊ፣

እርስዎም ባልደረቦችዎም በሙሉ ጤና እንድትሆኑ ከልቤ እመኛለሁ፤ ለዓለም አቀፍ ልማት ትምህርት ለአንድ ዓመት ባሕር ማዶ የላኳት ታላቅ እህቴ እዚያው በትኩሳት ታማ ካረፈች ወዲህ፣ ጤና መመኘት ለእኔ የደብዳቤ ማሟያ መሆኑ ቀርቷል። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝና ድፍረቴን ይለፉልኝ። ለጥያቄያችን የላኩትን መልስ ወጥ ቤት ቆሜ ለእናቴ የማነብላት እኔ ስለሆንኩ፣ ምስጋናችንን ማቅረብም የእኔ ድርሻ ሆኗል።

1ኛ፦ ሻንጣዋን ስለላኩልን እናመሰግናለን። ልብሷ ሁሉ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ ነበር። እናቴ ጠረኗን ፍለጋ አንድ በአንድ አሸተተችው፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። ንጽሕናዎ ወደር የለውም።

2ኛ፦ እህቴ እዚያ አገር የውኃ ጉድጓድ የተቆፈረላቸውን የገጠር ሴቶች ስለ ውኃቸው ስትጠይቅ የቀረጸችው ድምፅ ቢሮዎ ውስጥ ይገኛል። የሴቶቹን ምስጢር አልጠየቅንም። የእሷን ድምፅ ብቻ፣ በማናውቀው ቋንቋም ቢሆን፣ ጉሮሮዋን ስትጠርግም ቢሆን፣ ቆርጠው እንዲልኩልን ለመንን። እርስዎም በምርምር ሥነ ምግባር ደንብ መሠረት፣ በቅጂው ላይ የተሰማ ሰው ሁሉ፣ ጠያቂዋም ጭምር፣ በአካል ቀርቦ ካልፈቀደ ድምፁ ለሦስተኛ ወገን እንደማይሰጥ በትሕትና አስረዱን። እናቴ ሦስተኛው ወገን ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? እኛ ነን አልኳት።

3ኛ፦ እህቴ በአካል እንድትቀርብ ያስተላለፉትን ጥሪ አድርሻለሁ። አስከሬኗ አገሯ መጥቶ ያረፈበት መቃብር ከትምህርት ቤት መልስ መንገዴ ላይ ነው። እስካሁን አልመለሰችልኝም። በመዘግየቷ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በሕይወቷ ቀጠሮ አክባሪ ነበረች።

4ኛ፦ ሌላም አቤቱታ ነበረኝ፤ ግን አቤት የምልበት ደጅ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ እርስዎ ይመልሰኛል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲቸግረኝ የምታርምልኝም እሷ ነበረች።

ደንብዎን እንደ ዓይን ብሌን ሲጠብቁ እንዲኖሩ ከመመኘት በቀር ምንም አቅም የሌለኝ፣

አክባሪዎ ሦስተኛው ወገን፣
የሟች ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎ ምስጢራቸውን የሚጠብቁላቸው ሴቶች፣ እህቴን ወደ መንደራቸው ያመላልሳት የነበረውን ሾፌር ለምነው፣ ቁጥራችንን አግኝተው ሰሞኑን ቤታችን ደወሉ። ከእናቴ ጋር አንድም ቃል ሳይግባቡ ተላቀሱ። ከዚያ አንዷ እህቴ እንዴት ትስቅ እንደነበር አስመስላ ሳቀች፤ ሳቁ ቁርጥ የእህቴ ነበር። እናቴ «ድገሚው በላት» አለችኝ። በምን ቋንቋ ልበላት? መስመሩ ተቋረጠ። ማንም ፈቃድ አልፈረመም። ደንብ ተጥሶ ከሆነ ሴቶቹን አይቀየሙብኝ፤ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።