ፀሐይዋ በረታች ያልኩት ነገር

ግንቦት 11 ቀን 2012 ዓ.ም.

ምነው ትናንት ምላሴን በቆረጠው! ትምህርት ቤት በኮሮና ከተዘጋ ወዲህ ሥራዬ ወሬ ሆኗል። መኪናና ፋብሪካ ስለቆመ ጭሱ ቀንሶ ፀሐይዋ በርትታለች ሲባል በሬዲዮ የሰማሁትን ለወንድሜ ለደምሴ ነገርኩት። ለእሱ ፀሐይ በረታች ማለት ድርቅ ገባ ማለት ነው፤ በአገር ሽማግሌ የተከለከለው የጓሳ ሳር ደግሞ ለአጨዳ የሚከፈተው በድርቅ ነው። ሽማግሌ ሳይጠይቅ ዛሬ ማለዳ ሊያጭድ ሄደ። ጠባቂው ጋሽ ተሰማ ደርሰው ትከሻውን በዱላ ሲሉት፣ ያ አውሬ ወንድሜ ክንዳቸውን በማጭድ ተለተለው። ቤት ሲገባ በጥፊ አጮልኩት። «አንተ አይደለህ ያልከኝ?» ብሎ አፈጠጠብኝ።

አመሻሽ ላይ ጋሽ ተሰማ ክንዳቸውን በነጠላ ጠቅልለው ደጄ ቆሙ። «መምህር፣ ድርቁን ያወጅከው አንተ ነህ አሉ?» አሉኝ።

ዶፍ ዝናብ እላያቸው ላይ ይወርድ ነበር።