በክብሪት ቀፎ ውስጥ የነበረችው መዘውር

ውድ ጋሼ፣

«ደህና ነዎት ወይ» ብዬ ልጀምር አስቤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ደህና እንዳልሆኑ ልጅዎ በስልክ ነግራኛለች። የሚሄዱት ግድግዳ እየዳበሱ ነው አለችኝ፤ ደጅ መውጣትም ትተዋል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ እሷ ናት። እህቴ፣ አንድም ቃል እንዳትዘይ አደራ። ስለ እኔ ክፉ የተጻፈበት ቦታ ስትደርሺ ደግሞ ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ሱቁ እንደነበረ ነው። ጣሪያው ያው በዚያው በመስኮቱ በኩል ያፈሳል፤ እኔም ያው ባልዲ አስቀምጣለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ለቆ ሄደ፤ በቦታው የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ሰው ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ይለቅብኛል። ደንበኞቻችን ጥቂት ናቸው፤ የቀሩትም እያረጁ ነው። ከአባታቸው የወረሱትን ወይም ከአሮጌ ዕቃ ተራ የገዙትን ትንሽ የመጫወቻ ባቡር በጨርቅ ጠቅልለው ይመጣሉ፤ እኔም ከፍቼ አየውና መለዋወጫ የለም እላለሁ። የሚሠራቸው ፋብሪካ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! መለዋወጫ የሚገኘው ከሞተ ባቡር ላይ ብቻ ነው፤ የሙታን መሳቢያችን ደግሞ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው።

የመሳቢያውን ሕግ ያወጡት እርስዎ ነዎት። ከሞተ ላይ ንቀይ፣ ከሚሄድ ላይ ግን ብሎን እንኳ አትንኪ። ከእኔ በፊት የነበረውን ሠራተኛ ከሚሄድ ባቡር ላይ አንዲት አምፑል ነቅሎ ቢያገኙት ከምሳ በፊት አሰናበቱት። ይህን የነገሩኝ ሥራ በጀመርኩ ቀን ነው። የወንድሜ ልጅ ነሽ ብዬ አላልፍሽም ብለው ሳቁ፤ እኔ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር።

ጥቁሯን ባቡር ያስታውሳሉ። ከአሮጌ ዕቃ ሻጩ ሲገዟት ጥርሳም መዘውሯ ተሰባብሮ ነበር። ሦስት ሳምንት አጎንብሰው ከነሐስ በሞረድ ቆረጡላት። የመጀመሪያዋ አንድ ጥርሷ ጠማማ ወጣችና «ጣያት» አሉኝ። ሁለተኛዋ እንከን አልነበረባትም። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት በሩን ከመክፈታችን በፊት ጥቁሯን ጣውላው ላይ በዘረጉት ሐዲድ አንድ ዙር ያስኬዷታል፤ ጠጋ ብለው ያዳምጧታል፤ ከዚያ «በይ ክፈቺ» ይሉኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀናችን የሚጀምረው እንዲህ ነበር።

የመጀመሪያዋን ግን አልጣልኳትም። ብሎን በሚለመንበት ሱቅ ውስጥ ነሐስ መጣል አልሆንልኝ አለ። በክብሪት ቀፎ አድርጌ መሳቢያው ጥግ ሸጎጥኳት።

ለዓይንዎ ምርመራ የሄዱ ጊዜ ሁለት ቀን ብቻዬን ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን የሰፈራችን ዳኛ ሚስት አረንጓዴ ባቡር ይዛ መጣች። ከጥቁሯ ጋር አንድ ዓይነት ናት፤ የላስቲክ መዘውሯ ዱቄት ሆኗል። መለዋወጫ የለም አልኳት። ሴትዮዋ አልለመነችኝም፤ ቢለምኑኝ እኮ እምቢ ማለት አውቅበታለሁ። ባሏ አልጋ ላይ እንደሆነ፣ የልጅነቱን ባቡር አንዴ ስትሄድ ማየት እንደሚፈልግ፣ ከሐሙስ ካለፈ ግን እንደማያስፈልጋት ብቻ ነገረችኝ።

ጥቁሯን ከፈትኳት። ደህናዋን መዘውር ነቅዬ ለአረንጓዴዋ ሰጠሁ፤ በቦታዋ ከክብሪት ቀፎ ያወጣኋትን ጠማማዋን ገጠምኩ። ሌላ እቆርጥላታለሁ አልኩ ለራሴ። በማስመሪያ እንኳ ቀጥ ያለ መስመር የማይወጣልኝ እኔ! ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ፣ ይቆጡኛል፣ ያልፋል ብዬ አሰብኩ።

ሲመለሱ መጀመሪያ የነገሩኝ ሐኪሙ ያለዎትን ነው። ዓይንዎ እየደከመ ነው፤ ግን በደህና መነጽር ሁለት ሦስት ዓመት ይሠራሉ ብሎዎታል። ፊትዎ በርቶ ነበር፤ ደስታዎን ላለማደፍረስ ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግስቱ እኔ ሳልደርስ ጥቁሯን አስነሥተዋት አገኘሁ። በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ትደናቀፍ ነበር። ከፍተው መዘውሯን አወጡና በሁለት ጣትዎ መካከል አንከባለሏት። ከመሄድዎ በፊት በነበረው ቀን በሞረድ ነካ ነካ አድርገዋት እንደነበር ያኔ ነው ያስታወስኩት።

«ያቺን የመጀመሪያዋን ጥለሻታል አይደል?» አሉኝ።

«ጥያታለሁ» አልኩ።

ይኸው ነው ጋሼ። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚህች ቃል ነው። ያንን የተባረረ ሠራተኛ አሰብኩ፤ ፊትዎ ሲለወጥ ታየኝ፤ ቃሉ ከአፌ አመለጠ። ሳይመሽ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። እርስዎ ግን መዘውሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ለካ አበላሽቻታለሁ፤ አስተካከልኩ ብዬ እኮ ነው የሄድኩት» አሉ። «ሥራውን ማየት ያቃተው ሰው የሰው ዕቃ መንካት የለበትም።»

ሽርጥዎን ፈትተው አጣጠፉ። ቁልፉን ሰጡኝ። ጥቁሯን ከሙታን ጋር አድርጊያት አሉ። በሳምንቱ ልጅዎ ዘንድ ሄዱ፤ ሻንጣዎን እስከ አውቶቡሱ ድረስ ተሸክሜ የሸኘሁዎት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ አፌ ላይ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በደወልኩ ቁጥር አፌ ላይ ነበር፤ የምጠይቅዎት ግን ስለ አየሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዚህ በኋላ የሚደበቅ ነገር እንዲኖር አልፈልግም። ቁልፉ እጄ ሲገባ ደስ ያለኝ ቅጽበት ነበረች። ሱቁ የእኔ ሆነ አልኩ። አጭር ነበረች፤ ግን ነበረች።

ባለፈው ወር የዳኛው ሚስት ተመልሳ መጣች። አረንጓዴዋን ልትሸጥልኝ ነው፤ ልጆቿ አይፈልጓትም። ባለቤትሽ ባቡሯን ስትሄድ አያት ወይ አልኳት፤ ስድስት ዓመት ራሴን የማጽናናው በዚህ ነበርና። ሴትዮዋ የጠየቅኳት ነገር ግራ ገባት። ያን ሐሙስ ቤት ስትደርስ ባሏ ሰው መለየት አቁሞ ነበር። ሐዲዱን እንኳ አልዘረጋችውም። ባቡሯን ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠቻት፤ እዚያው ቀረች።

ከሄደች በኋላ ከፈትኳት። መዘውሯ እንዳስገባኋት ነበረች። የቀባኋት ዘይት ደርቆባታል እንጂ ጥርሶቿ ላይ ጭረት የለም። አንድ ዙር አልዞረችም ጋሼ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የጎረቤቱ ሙዚቃ ለአንዴ ጠቀመኝ።

ጥቁሯን በዚህ ዕቃ ውስጥ ልኬልዎታለሁ። ስድስት ዓመት ከሙታን ጋር ስትቀመጥ አንድ ብሎን አልነቀልኩባትም፤ በእሷ ምክንያት ስንት ደንበኛ ባዶ እጁን መለስኩ። መዘውሯን ልገጥምላት ካቻቢቴ አንሥቼ ነበር፤ ተውኩት። የእኔ ሥራ አይደለም። የጠፉትን ዓመታት እንደማልመልስ አውቃለሁ። ከዛሬ ወዲያ ስሜን ባይጠሩትም አልቀየምም፤ ስልኩንም ባያነሡት ይገባኛል።

ሁለቱ መዘውሮች በየክብሪት ቀፏቸው አሉ። ምልክት አላደረግኩባቸውም፤ እህቴም የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች አታውቅም፤ ልትነግርዎ አትችልም። መብራት አያስፈልግዎትም፤ መነጽርም አያስፈልግዎትም። ያኔ እንዳደረጉት በሁለት ጣትዎ መካከል ያንከባልሏቸው። በአንደኛዋ ላይ ጣትዎ ይደናቀፋል፤ እሷን እኔ ነኝ ጥቁሯ ውስጥ ያስገባኋት። በሌላዋ ላይ ምንም አያገኙም። ያቺ ምንም የማያገኙባት፣ ሐኪም ዘንድ ከመሄድዎ በፊት በነበረው ቀን የሞረዷት ናት።

የወንድምዎ ልጅ፣
«ጥያታለሁ» ያለችዎ