ለእናቷ ሲሆን ሳሳች

ለምወድህ ልጄ፣ ናፍቆቴ ከሰላምታዬ ቀድሞ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን።

እህትህ ፊዚዮቴራፒስት ከሆነች ወዲህ ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው። «የቆየ የጡንቻ ሕመም በተኙለት ቁጥር ይብሳል፤ ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱት» እያለች ሰፈሩን ሁሉ ከአልጋ አስነሳችው። አንገቱ አልዞር ብሎት የነበረው ባለሱቅ ዛሬ አላፊ አግዳሚውን እየዞረ ያያል!

ትናንት የእኔንም ትከሻ ዳሰሰችልኝ። ስፌት ያመጣው ነው ብያት ነበር። እጇን አንድ ቦታ ላይ አቆየችና ያንኑ ቦታ ደጋግማ ዳሰሰችው። ከዚያ «እማዬ፣ የስፌት መኪናውን አትንኪ፤ ምንም አታንሺ» አለችኝ። ሌላውን ሁሉ ተንቀሳቀስ የምትል ልጅ ለእናቷ ሲሆን ሳሳች። ነገም ሌላ ሐኪም ጋ ልትወስደኝ ከሥራ አስፈቅዳለች። እንዲህ ያለች ልጅ ማን አለው?

የጀመርኩልህ ኮት እጅጌው ብቻ ቀርቷል፤ ልክህን መውሰድ አለብኝ። በዓይኔ እስካይህ ደህና ሁንልኝ። ቶሎ ና አልልህም፤ ብቻ አትቆይብኝ።

እናትህ