ለድንኳን ቦታ ስለተጎተተችው ቀይ መኪና፣ ለክቡር ሰብሳቢያችን

ለክቡር አቶ አምባው
የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴና የእድራችን ሰብሳቢ
ኮዬ ፈጬ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በየማለዳው የግቢውን አጥር ሲዞሩ ከመስኮት ስለማይዎት ደህና እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደብዳቤ በጤና ጥያቄ እንደሚጀመር ተምረናል። እናቴና እኔም ደህና ነን። ሁለት ሆነን ደህና ነን።

የምጽፍልዎ በጥር ወር ያረፈው የመካኒኩ የጌዲዮን ታናሽ ወንድም፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪው የአብስራ ነኝ። ደብዳቤውን የእርስዎ ማስታወቂያዎች በሚለጠፉበት ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ምስጋና በሰው ፊት ሲሆን ስለሚያምር ነው። ምስጋናዎቼን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

1. ለድንኳኑ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ባረፈበት ጠዋት እኔና ጓደኛው ሂርጳ አስከሬኑን ለማምጣት ሆስፒታል ነበርን። ስንመለስ ድንኳኑ ተወጥሮ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ እርስዎም ነጠላዎን አጣፍተው መግቢያው ላይ ቆመው ጠበቁን። እንዲህ የሚፈጥን እድር በሌላ ሰፈር የለም። ድንኳኑ የተተከለው ግን የጌዲዮን መኪና ትቆምበት በነበረው ቦታ ላይ ነበር። እሷ፣ ማለትም ሁለት በር ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ ወንድሜ ስንት ዓመት ሲመኛት ኖሮ የገዛት ቀይ የስፖርት መኪና፣ አጥሩ ሥር አፍንጫዋን ወደ ቦዩ ደፍታ አገኘኋት። በዚያ ሰዓት ስለ መኪና የሚያስብ ልብ አልነበረኝም።

2. እናቴን ላለመረበሽ ስለወሰዱት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። የመኪናዋ ቁልፍ አራተኛ ፎቅ፣ ቤታችን ውስጥ ነበር፤ እናቴም ቤት ነበረች። ምድር ቤት ሱቅ ያላት ፌኔት እንደነገረችኝ፣ ከጎረምሶቹ አንዱ ሮጬ ቁልፉን ላምጣ ብሎ ነበር። እርስዎ ግን «ሐዘንተኛ በቁልፍ አይረበሽም፤ ዝም ብላችሁ ጎትቱት» አሉ።

ይህ ትልቅ ጨዋነት ነው። ጨዋነቱ ምን እንዳስከተለ ማወቅ ስለሚገባዎ በትሕትና ላስረዳ። ቁልፍ ስለሌለ መሪው ተቆልፎ ነበር፤ ማርሹም ገብቶ ነበር። ይህች መኪና ገመድ የሚታሰርባት ቀለበት ከፊቷ በቋሚነት የላትም፤ ከኋላው የዕቃ ማስቀመጫ ሻንጣ ወጥቶ ከፊት የሚገጠም ነው፤ ሻንጣው ደግሞ በቁልፍ ይከፈታል። ስለዚህ ሰዎቹ ከሥር ገብተው እጃቸው ባገኘው ብረት ላይ ገመዱን አሰሩና በአይሱዙ ጎተቷት። ያ ብረት አክስል ይባላል፤ ከካምቢዮ፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ ተነስቶ የፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ነው። ጎማዎቹ አስፋልቱ ላይ እየተፋቁ ሲጮኹ እናቴ ከአራተኛ ፎቅ ሰምታለች። ድምፁ ከልጇ መኪና ማቆሚያ በኩል ስለመጣ መስኮቱ ጋ ሄዳ አይታለች። ይህን የነገረችኝ ከአርባው በኋላ ነው። እንግዲህ እንዳትረበሽ የታሰበላት እንዲህ ነው።

3. ስለ ሙያዊ ምርመራዎም ላመስግን። ከአርባው በኋላ ሂርጳ መኪናዋን ወደ ቦታዋ ሊመልሳት ሲያስነሳት ሞተሩ ወዲያው ተነሳ፤ ማርሽ ሲያስገባ ግን ከሥር ተንኮሻኮሸ እንጂ ጎማዎቹ አልተንቀሳቀሱም። እርስዎ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው አዩና «ካምቢዮው ሞቷል፤ ይህ መኪና ሳይሆን ብረት ነው» ብለው ፈረዱ። በሳምንቱ ሰሌዳው ላይ ማስታወቂያ ወጣ፦ እስከ ሆሳዕና በራሱ ሞተር ያልተንቀሳቀሰ ተሽከርካሪ ለበዓል ጽዳት ሲባል ለብረት ገዢዎች ይሰጣል። በግቢያችን የማይንቀሳቀስ ተሽከርካሪ አንድ ብቻ ስለሆነ ስም አለመጥራትዎም ጨዋነት ነበር።

እናቴ ማስታወቂያውን ቆማ አነበበችው። ማታ ስንበላ «ይወስዷታል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አልሰጥም አልኳት። ለእናቴ የገባሁት ቃል ይህ ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ካምቢዮው አልሞተም ነበር። ወንድሜ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ሜዳ ወስዶኝ፣ እኔን ውጪ አቁሞ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፎ በዝግታ ይዞር ነበር። ቀኝ ጎማው ጋ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ነበር። ወረደና ከጎማው ጀርባ የተረጨውን ግራሶ በጣቱ ነክቶ አሳየኝ። የአክስሉን መገጣጠሚያ የሚሸፍነው ላስቲክ ተሰንጥቆ ግራሶው ወጥቷል፣ አቧራ ገብቷል፣ ውስጡ ያሉት ኳሶች መበላት ጀምረዋል አለኝ። ደክሞት ስለነበር ጎማው ላይ ተደግፎ «ስወጣ አብረን እንቀይረዋለን፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነዳት» አለኝ። ማንም አልነዳትም። በመጎተት ግን አልተነጋገርንም።

4. ስለ ሰጡን ጊዜም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሂርጳ ከኮዬ ሳሪስ አቦ የሚመላለስ ሚኒባስ ስለሚነዳ የሚያርፈው እሑድ ብቻ ነው። በመጀመሪያው እሑድ ቀኝ ጎማዋን በክሪክ አነሳንና በእጃችን አዞርነው። ጎማው ሲዞር የአክስሉ የውጭ ጫፍ አብሮት ይዞራል፤ ካምቢዮው ጋ ያለው ጫፍ ግን ንቅንቅ አይልም። ገመዱ ዘንጉን ስቦ ከውስጠኛው መገጣጠሚያ አላቆታል። ሂርጳ እንዳስረዳኝ፣ ከሁለቱ አክስሎች አንዱ ከተላቀቀ ሞተሩ ጉልበቱን ሁሉ ለተላቀቀው ይሰጣል፤ ደህናው ቆሞ ይቀራል።

በሚቀጥለው እሑድ በጎማው መሃል ያለውን ትልቁን ዳዶ ጎማው መሬት እንደረገጠ አላላነው፤ አልፈታ ሲለን ኪያቤው፣ ማለትም መፍቻው፣ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክተን እኔ ቆምኩበት። የካምቢዮውን ዘይት አፈሰስን፣ የተላቀቀውን አክስል አወጣን። ከትምህርት ቤት በወጣሁበት ቀን አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልዬ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ። መጀመሪያ የሰጡኝ ስፖርት ያልሆነውን ሞዴል ነበር፤ ጎን ለጎን ሳስተያየው ቀጠነብኝ። ሻጩ ይገባል ብሎ ማለልኝ። የስፖርቷ ሞተር ጉልበት ስላለው ዘንጓ ወፍራም ነው፤ የቀኙም ከግራው ይረዝማል። የጫፉን ጥርስ ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ ካልተመሳሰለ እንዳይገዛ ወንድሜ ለሌላ ሰው ሲመክር ሰምቼ ስለነበር እምቢ አልኩ። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ትክክለኛው ከነመገጣጠሚያዎቹ ተገኘ። ታክሲ ውስጥ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ ይዤው ስመጣ አንድ ሰውዬ ምንድነው ብሎ ጠየቀኝ። የወንድሜ ነው አልኩት።

በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ሂርጳ ለዚህ ሲል ከሥራ ቀርቶ ገጠምነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጥቶ ተቀመጠ፤ አዲስ ዘይት ጨመርን፣ ዳዶውን አጠበቅን፣ ሂርጳ መሪው ላይ፣ እኔ ከጎኑ ሆነን ወደ ሜዳው ወጣን። መሪውን ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አጥፎ ዞረ። መስኮቱን አውርጄ አዳመጥኩ። ወደ ግራም ዞረ። ምንም ድምፅ የለም። ሂርጳ ትከሻዬን መታኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን ያንን ቀጭ ቀጭ መጨረሻ የሰማሁት ከወንድሜ ጋር ነበር፤ አሁን በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ።

በግቢው በር ስንገባ እርስዎ ቆመው ነበር። በራሷ ሞተር መግባቷን በዓይንዎ ስላረጋገጡ፣ «ጎበዝ» ስላሉም አመሰግናለሁ። ያላዩትን ልንገርዎ። ደረጃውን ስወጣ የቤታችን በር ተከፍቶ ነበር፤ እናቴ ደፉ ላይ ቆማ ነበር። ጌዲዮን ሲመጣ የሞተሩን ድምፅ ከታች ስትሰማ ሳይንኳኳ በሩን የመክፈት ልማድ ነበራት። እኔን ስታይ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «አንተ ነህ?» አለችኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ክቡር ሆይ፣ ማስታወቂያዎ ያላዘዘው ይህ ብቻ ነው።

እንግዲህ መኪናዋ በቦታዋ ቆማለች፤ ብረት ገዢዎቹም ሳይደክሙ ቀርተዋል። ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለእድራችን ሥራ መፍታትን እየተመኘሁ፣ ያጠፋሁት ቃል ካለ በእድሜዬ ማነስ እንዲያልፉልኝ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአብስራ ወልደየሱስ
የጌዲዮን ወንድም፣ አራተኛ ፎቅ

በድጋሚ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ከፋሲካ ማግስት ለሚደረገው የልጅዎ ሰርግ ቀይዋን መኪና ለሙሽሮች እንድናውስዎ መፈለግዎን በፌኔት በኩል ሰማሁ። መኪናዋ አሁን የእናቴ ናት፤ ጥያቄውንም ለእርሷ አላደረስኩላትም። እርሷ እምቢ የምትል ሰው አይደለችም። ነገር ግን ከአርባው ወዲህ እንዳንረበሽ ሲባል በራችንን ያንኳኳ ሰው የለም፤ ስለዚህ እባክዎ ደረጃውን ወጥተው ራስዎ ይጠይቋት። ትንሽ ቁጭ ይበሉ። ስለ መኪናዋ ከማንሳትዎ በፊት ስለ ልጇ ይጠይቋት።