ዓለሚቱን ማን ይንገራት

ውድ ክንፉ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና መሆንህንማ ከፎቶህ አይቻለሁ። አንገትህ ላይ መታወቂያ አንጠልጥለህ፣ ከኋላህ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ፣ ከሥር «የሲ ፕሮግራሚንግ አሠልጣኝ» የሚል ጽሑፍ። እዚህ ሲቀላ ያለ ሰው ሁሉ ላይክ አድርጎልሃል። እኔም አድርጌያለሁ፤ ተማሪህ ዓለሚቱ በትከሻዬ በኩል እያየች ነበርና ምን ላድርግ?

መልእክትህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ተማሪዎችህ ፈንክሽን አልገባ ስላላቸው፣ እንግዶቹ የመጡ ቀን ዓለሚቱን አስቀምጬ የሠራሁትን ጽፌ እንድልክልህ ጠይቀሃል። ከላክሁልህ ረዳትህ አድርገህ ታስገባኛለህ። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ልክ የረሳው ዕቃ ትዝ እንዳለው ሰው፣ «በነገራችን ላይ ለአምስቱ ልጆች የታሰበው የሥልጠና ቦታ ቀርቷል፤ አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል» አልክ።

በነገራችን ላይ!

ክፍሉን የተከራየን ሰሞን ትዝ ይልሃል? በኮምፒውተር ተመርቀን ሁለት ዓመት ሥራ አጥተን፣ በሰው ቤት ቁጭ ብለን ከምንረሳው እናስተምረው ተባብለን ነው ከእንጨት መሰንጠቂያ ቤቱ ጀርባ የገባነው። ሰጋቱራው ኪቦርዱ ውስጥ እየገባ፣ በሁለት ላፕቶፕ ያን ሁሉ ሰው ስናስተምር። መጋዙ ድንገት ዝም ካለ መብራት ጠፋ ማለት ነበር፤ ማንም ቀና ብሎ አምፖሉን አያይም። አንተ በመጀመሪያው ቀን ቦርዱ ፊት ቆመህ፣ «ማንኛውም ፕሮግራም ከሦስት ነገር ይሠራል፤ በተራ መሥራት፣ መምረጥ፣ መደጋገም። ከመሃል ዘሎ መውጣት የለም» ስትል ሁሉም ደብተሩ ላይ ጻፈ። ከኋላ ግን ባጃጅ ነጂው ኦይታ ጮኸ።

«እንዴ መምህር፣ ይሄማ የኛ ሥራ ነው! ተራ ትይዛለህ፣ ሴቻ ነው ሲቀላ ብለህ መንገድ ትመርጣለህ፣ ነዳጅ እስኪያልቅ ትደጋግማለህ!»

ከሁሉም በላይ የሳቅኸው አንተ ነበርክ። የወደድኩህ ያኔ ይመስለኛል። አልነገርኩህም። አሁን የምነግርህ ምንም ስለማይለውጥ ነው።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ያን ቀን ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎች ወንበር ሳይዙ መጋዙ ዝም አለ። ድርጅታቸው ከጀማሪዎቻችን አምስት መርጦ አዲስ አበባ ሊያሠለጥን፣ ከዚያም ሊቀጥር ነው የላካቸው። አንተ «አለቀልን» ብለህ የእንጨት ቤቱን ጄኔሬተር ልትለምን ሮጥክ። ስለዚህ አላየህም። እኔ የሠራሁት ይሄ ነው።

ዓለሚቱን መሃል ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ ዋናው ፕሮግራም እሷ ናት አልኩ። ኦይታ ደምሮ የሚያመጣላት ፈንክሽን ነው፤ ዋናው ልኮት ሠርቶ የሚመለስ ትንሽ ፕሮግራም። ሁለት ቁራጭ ወረቀት ሰጠችው፤ አንዱ ላይ ሦስት፣ አንዱ ላይ አራት። እሱ ያመጣውን በአሥር ልታባዛ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ኦይታ ጥግ ድረስ ሄደ፣ ደመረ፣ ዞረና መናኸሪያ ተሳፋሪ እንደሚጠራ በረጅሙ «ሰባት! ሰባት!» አለ። ቤቱ አጨበጨበ። እንግዶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። እሱም ጎንበስ ቀና ብሎ ምስጋናውን ተቀብሎ ቦታው ተቀመጠ።

የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ይቺ ናት። ፈንክሽኑ ውጤቱን ስክሪን ላይ ያትማል፤ ሁሉም ያየዋል፤ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ዓለሚቱም «በቃ ሰምቻለሁ፣ ሰባ» አለች።

ያኔ ነው ሻርፔን አውልቄ ጆሮዋን ጥፍር አድርጌ ያሰርኩላት። «ድገሙት» አልኩ። ወረቀቶቹን ቀየረች። ኦይታ ሄዶ ደምሮ ከበፊቱ አብልጦ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሰማ። ዓለሚቱ ግን እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ማንም አልሳቀም፤ እጇን ነበር የሚያዩት። ከቆይታ በኋላ ራሷ፣ «ኧረ የላክሁት ሰውዬ የት ደረሰ?» አለች፣ ጆሮዋ ስለታሰረ በጩኸት።

ኦይታ ግንባሩን መታ። «ገባኝ! ገባኝ! የአገር ሸንጎ በሚቀመጥበት ዱቡሻ ላይ ቢሆን አባቴ ይቆጡኝ ነበር። የላኩህ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እየጠበቁህ ለመንገደኛ ታወራለህ? ይሉኝ ነበር።» ውጤቱን ወረቀት ላይ ጽፎ መጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ስክሪን ለሰው ዓይን ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ ስክሪኑን አያነብም። ውጤቱ እጁ ካልገባ ቀጣዩን መሥራት አይችልም። ይህንን በአፌ አልተናገርኩም፤ ሁሉም ከእጇ አዩት።

አንተ እጅህን ናፍጣ አስነክተህ የገባኸው ለዚህ ሲጨበጨብ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ «ግሩም ነው! ዘዴው የማን ነው?» ሲል ያልከው ቃል በቃል እንዲህ ነው፦

«የኔ ነው። ሩሐማ ታግዘኛለች።»

ቾኩ እጄ ላይ ነበር። ዝም ያልኩት ፈርቼህ አይደለም። እንግዳ ፊት ከተጣላን ሰዎቹ ትተውን ይሄዳሉ፣ ልጆቹ ይቀራሉ ብዬ ነው። አምስቱ ስም ሲጠራ፣ የመጀመሪያው ዓለሚቱ ስትሆን፣ ዝምታዬ አላንገበገበኝም። እውነቴን ነው፤ ያን ምሽት ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሰኞ አንተ ወደዚያው ድርጅት ሄድክ። መሄድህን ያወቅነው ከፌስቡክ ነው። ኦይታ ስልኩን ይዞ መጥቶ «ቲቸር፣ ይሄ የኛ ክንፉ አይደል?» አለኝ። እኔም «ቀድሞ ሄዶ ሊያመቻችላቸው ነው» አልኩ። ያን ጊዜ አምኜ ነው ያልኩት። ዓለሚቱም አመነች፤ እትዬ ሙሉዬ ፀጉር ቤት የነበራትን የሥራ ወንበር ለቀቀች። «ልጄ፣ ጠሪው ሳይጠራሽ አትነሺ» ብለዋት ነበር። አልሰማችም። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ክፍል ስትገባ ሰላምታዋ «ደወለ?» ሆነ። እኔ ደግሞ «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» እያልኩ ላንተ ምክንያት ስፈልግ ከረምኩ።

መልእክትህ በደረሰ በማግስቱ እቤቷ ሄጄ ነገርኳት። ልብስ እያሰጣች ነበር። አላለቀሰችም። እጇ ላይ የቀረውን ጨምቃ ሰቀለችና፣

«ማን አለሽ?»

«ክንፉ።»

«ላንቺ ደውሎ?»

«ጽፎ።»

«ስልኬን እኮ ያውቀዋል» አለችኝ።

 ሐሙስ ዕለት እትዬ ሙሉዬ ዘንድ ተመለሰች። ወንበሯ ላይ ሌላ ልጅ ስላለች ፀጉር በማጠብ ነው የቀጠሯት።

እንግዲህ ዘዴውን ጽፌልሃለሁ፤ ምንም አላስቀረሁም። አንተ ጋ ያሉት ልጆች ምን አደረጉኝ? ሻርፑን ጠበቅ አድርገህ እሰር፤ ከላላ ሁሉም ቀልድ ይሆናል። የማን እንደሆነ ከጠየቁህ እንደፈለግህ በል፤ እኔ ከእንግዲህ ባንተ አፍ መጠራት አያምረኝም።

ረዳትነትህን አልፈልግም። እዚህ እንደማልቀር ታውቃለህ፤ ሥራ ማስታወቂያ ሳላይ የዋልኩበት ቀን የለም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቦታ አመልክቻለሁ። አዲስ አበባ ስመጣ በራሴ ስም እመጣለሁ። እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ አስተምራለሁ። ኦይታ የባጃጅ ተራ የሚይዝ ፕሮግራም እየጻፈ ነው፤ ገና ሁለት ባጃጅ አንድ ተራ ላይ ያቆምበታል፤ እሱም ሰው እንደበደለው አድርጎ ላፕቶፑን ይሰድበዋል። ከተመረጡት አምስት አራቱ አሁንም ይመጣሉ። ዓለሚቱ ትናንት አልመጣችም።

ለሷ የነገርኳት የፀጉር ቤቱ ሥራ ጨርሶ እንዳያመልጣት ብዬ ነው እንጂ አንተን ልተካ አይደለም። እኔ ያልኳት «ቀርቷል» ብቻ ነው። ለምን እንደቀረ አላውቅም፤ ስለሷ አንድ ቃል ተናግረህ እንደሆነም አላውቅም። ያንን የምታውቀው አንተ ነህ።

ስልኳን አልቀየረችም። ጠዋት አትደውል፤ እጇ ሰው ፀጉር ውስጥ ነው። በምሳ ሰዓት ሞክራት። ካላነሳች ደግመህ ደውል፤ ቁጥርህን ስታይ መጀመሪያ የምታነሳው አይመስለኝም።

ሩሐማ
ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ