ከኮት ኪስ የወጡት ሥዕሎች

ጥር 6፣ ሰኞ ጠዋት
የሳልባጅ ቦንዳ እየፈታን ነው። ሁለተኛው። ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፍልሽ ደብተሬ፣ አሠሪዬ ኢዶ ሰዓዳ ሻይ ልታዝ ወጣ ብላለች። ከአንድ የሴት ኮት ኪስ ካርታ አገኘሁ። የቁማር አይደለም፣ ሁሉም ሥዕል ነው። በሱቃችን ከሳልባጅ ኪስ የተገኘ ነገር ቦንዳውን ለፈታ ሰው ነው፣ ስለዚህ የኔ። ኢ.ሰ. አገላብጣ አየችውና ሐራም ነው ወላሂ አለች፣ ግን ሳቀች። ሳንቲም ታቅፎ የተቀመጠውን እያሳየችኝ ይሄ የሱቁ አከራይ ነው፣ ቁርጥ እሱን አለች። እኔም ሳቅኩ። እጄን ሳነሳ ወጋኝ። ግራው ስር። ይሄን አልጽፍም ብዬ ነበር።

ጥር 7፣ ከሰዓት
ከጎጃም ተመድቦ የመጣው አስተማሪ ጃኬት ሊለካ ገብቶ ካርታውን አየ። ታሮት ነው የሚባለው አለ። ወደፊትን ምናምን አያውቅም፣ አንድ ታወጪና ሥዕሉን እያየሽ የሸሸሽውን ነገር ለራስሽ ትናገሪያለሽ፣ በቃ አለኝ። እኔ የምሸሸው የለም አልኩት። ታዲያ ምነው ደነገጥሽ አለ። አልወደድኩትም ይሄን ሰውዬ። ጃኬቱንም አልገዛም።

ጥር 8፣ ሱቅ ሳይከፈት
አንድ አወጣሁ። ዓይኗ በጨርቅ የታሰረ ሴት፣ ዙሪያዋን ጎራዴ። እግሯ ግን አልታሰረም። ለምን አትሄድም?
እሺ። እብጠት ነው። ግራ ጡቴ ላይ፣ ሽምብራ ታክላለች፣ ከመስከረም ጀምሮ። ይኸው ጻፍኩት። እናቴ በዚህ ነው የሞተችው፣ ሻሽ እያሰረችበት፣ እኔንና እህቴን እታለምን ደብቃን። ስናውቅ አልቆ ነበር።
ካርታዋን ቀድጄ ጣልኳት።

ጥር 12
መጥፎ መጥፎውን ካርታ ሁሉ ለይቼ ጣልኩ። ተዘቅዝቆ የተሰቀለውን፣ የሚፈርሰውን ፎቅ፣ ጎራዴ የተሰካበትን ልብ። አሁን በየቀኑ ጥሩ ነው የሚወጣልኝ። ዛሬ ፀሐይ፣ ሕፃን ፈረስ ላይ። ደስ አለኝ፣ ዘፈንኩ ሁሉ። ከዛ ዳበስኩት። አለ።
ራሴ መርጬ ያስቀረሁትን እያወጣሁ እኮ ነው የምደሰተው። ደነዝ።

ጥር 14፣ ምሳ ሰዓት
ኢ.ሰ. ያዘችኝ።
«ናያ፣ አንቺ ሰናይት፣ ቦንዳ በአንድ እጅ ታነሻለሽ። ምን ሆንሽ?»
«ወድቄ ነው ኢዶ።»
«የት?»
የት እንደወደቅኩ አላሰብኩበትም። ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ጀርባ አስገባችኝ፣ አወጣሁት ሁሉንም፣ የናቴንም። አይዞሽ እንኳን አላለችም። ከመቼ ጀምሮ አለች። መስከረም ስላት ዓይኗን ጨፈነች። ነገ ሱቅ ዝግ ነው አለች። አባቷ ሲሞት እንኳን ግማሽ ቀን ነው የዘጋችው። እሱን ሳስብ ፍርሃቱ ባሰብኝ።

ጥር 15፣ 3 ሰዓት፣ ሆስፒታል
አግዳሚ ላይ ነኝ። ከፊቴ አራት ሴት። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌ ካልተነበበ ለዛ ነው። ኢ.ሰ. ከዘበኛው ጋ በሶማሊኛ ትጨቃጨቃለች፣ አብሬያት ነው የምገባው እያለች መሰለኝ።
እታለም ትዝ አለችኝ። ደወሌ ከተማ ናት፣ ሻይ ቤት ነው የምትሠራው፣ ምንም አታውቅም። እሷም ከዛችው እናት ናት። እሷስ ነክታ አይታ ታውቃለች? እኔ አምስት ወር ሙሉ ዝም ያልኩት ራሴን ብቻ የምጎዳ መስሎኝ።
ኢ.ሰ. መጀመሪያ ታይተሽ ውጪ፣ ከዛ ትደውያለሽ አለችኝ። አይሆንም። ደህና ነሽ ካሉኝ ምን አስጨነቃት ብዬ ዝም እላለሁ፣ መጥፎ ከሆነም ዝም እላለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ እኮ። አሁን ነው የምደውለው። እሷም ትታይ።
ሁለት ሴት ቀረ።
ስልኩ እየጠራ ነው። ደብተሬ፣ እታለም አነሳች