የቀጭኑ ድምፅ መጠሪያ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? አንገትሽስ እንዴት ነው? ብርድ ሲሆን ይይዝሽ የነበረው ሕመም ተወሽ ወይስ ዛሬም ሻርፕ ሳትጠመጥሚ ከደጅ አትወጪም? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ እማዬ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ሰውነቴ ጨምሯል፤ ፀጉሬ ግን ከዓመት ዓመት እየሸሸኝ ነው። ናፍቆቱን አላነሳብሽም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ሥራዬ ያው ላውንደሪው ነው፤ አሁን ግን ከማጠቢያው ወደ መተኮሻው ክፍል አዛውረውኛል። ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ በትልቁ ማሽን እናሳልፋለን። እኔ ከወዲህ ጫፉን አስገባለሁ፣ ባልደረባዬ ከወዲያ ተቀብሎ ያጥፋል። ማሽኑ ሲያጉረመርም ስለሚውል በወፍራም ድምፅ ብትጮኺ የሚሰማሽ የለም፤ ቀጭን ድምፅ ግን ከላዩ ያልፋል። ስለዚህ አንሶላው ሲጣመም “ያዝ” የምለው በቀጭኑ ነው። ከጊዜ በኋላ “ያዝ” ማለቱ ዘፈን ሆነና አረፈው። ያንቺን ዘፈኖች ማለቴ ነው።

አንድ ቀን አንሶላ የሚያመላልሰው ሾፌር አዲስ ሴት የተቀጠረች መስሎት ከማሽኑ ጀርባ ድረስ ሲፈልጋት ቆየ። እኔን ሲያገኝ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ አንተ ሰውዬ ይህን ድምፅ ይዘህ እዚህ ምን ትሠራለህ አለኝ። ለካ እሱ በኳየር ይዘፍናል። በሳምንቱ እጄን ይዞ ወሰደኝ።

የኳየሩ መሪ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሕፃን ጩኸት የሰማ ጆሮ ነውና የሚያመልጣቸው ነገር የለም። ዘፍኜ ስጨርስ፣ አንተ ፋልሴቲስት ነህ አሉኝ። በሽታ መስሎኝ ደነገጥኩ። ኋላ እንዳስረዱኝ፣ ወንድ ከሚናገርበት ድምፅ አልፎ እንደ ሴት ቀጥኖ ሲዘፍን ድምፁ ፋልሴቶ ይባላል፣ ሰውየው ፋልሴቲስት። ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ሥሩ ሐሰት ማለት ነው አሉ። የሚናገርበት ድምፅ እውነተኛው፣ ይኼኛው አስመሳዩ ነው ተብሎ ነው። ስሙን እንደ ሙያ ይዘው የሚኮሩበት ዘፋኞች አሉ፤ እንደ ስድብ ቆጥረው በሌላ ስም ጥሩን የሚሉም አሉ። ሾፌሩ “ፋልሴቲስቱ መጣ” ሲል “በያጁ መጣ” እንደማለት ነው፣ ክፋት የለውም። ባልደረባዬ ግን ትርጉሙን ከሰማ ወዲህ “አንተ ሐሰተኛ፣ አንሶላውን ሳብ አድርገው” እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል።

አብሬው ስቄ ነበር። ቤቴ ስገባ ግን ቃሉ ከነከነኝ። አንገትሽን ኦፕራሲዮን ሆነሽ ድምፅሽ ሻክሮ በቀረ በሦስተኛው ወር የታናሻችን ሰርግ ነበር። ሁልጊዜ አንቺ የምታወጪውን ዘፈን የሚያወጣ ጠፋ። ሰዉ ዝም ሲል ጨነቀኝና ብድግ ብዬ ባንቺ ድምፅ፣ ባንቺ አወጣጥ አወጣሁት። ሰው ተቀበለኝ፤ አንቺ ሳህንሽን አስቀምጠሽ ወጣሽ። ያሾፍኩብሽ መስሎሽ ይሁን ሆድ ብሶሽ ይሁን አልጠየቅኩሽም። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ስለ ጣራው ክዳን እንኳ ስንጻጻፍ ስለ ዘፈን ትንፍሽ አላልንም። ፈርቼ ነው እታለም፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አላሾፍኩብሽም። ልጆች ሳለን ልብስ ስናሰጣ አንቺ ከገመዱ ወዲያ ሆነሽ ታወጪ ነበር፤ እኔ ደግሞ ልክ እንዳንቺ ካልሆነ መቀበል አላውቅም ነበር። ድምፄ ከጎረነነ በኋላም ያ ቀጭኑ አልጠፋም። ለመሪያችንም ይህንኑ ነገርኳቸው፤ ሐሰት መባሉ ለእኔ ልክ ነው፣ ድምፁ የእህቴ እንጂ የኔ አይደለም አልኳቸው። እሳቸውም፣ ሰው ከሰው ይማራል፣ ሐሰት የሚሆነው ያስተማረህን ስትደብቅ ነው አሉኝ። 

ከሦስት ወር በኋላ በአዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት እንዘፍናለን። አንዱን ዘፈን ብቻዬን እንዳወጣ መድበውኛል። ከእህቴ ፈቃድ ሳይመጣ አፌን አልከፍትም ብያለሁ፤ አምስት ሳምንት ሰጥተውኛል። ካልወደድሽው ተው በይኝ፤ ከወፍራሞቹ ተርታ ቆሜ እቀበላለሁ፣ ቅርም አይለኝም። በዝምታ ግን አትለፊኝ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ፣ እኛ ሁለታችን ባለመናገር ብዙ ነገር ቀርቶብናል።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ የሠራልኝ ሣጥን ማጠፊያው ዛሬም አልላላም። ትልቋ ልጅሽን ሳሚልኝ፤ አኩራፊውን ትንሹንም ካላኮረፈ ሳሚልኝ። ለእማዬ ደብዳቤውን ትልቋ ጮክ ብላ ታንብብላት፣ የሰርጉን ግን ትዝለለው። ታናሻችንን፣ ሰርጓን ስላደፈረስኩባት ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ ይቅርታ ብሏል በያት።

በአዳራሹ በር ላይ የሚታደል ወረቀት አለ። የያንዳንዱ ዘፋኝ ስም፣ የድምፁ ዓይነት፣ ያስተማረው ሰው ይታተምበታል። የኔን ሞልቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። ከስሜ አጠገብ ፋልሴቲስት ብያለሁ። ያስተማረው ሰው የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ስምሽን ልጻፍበት?

ታናሽ ወንድምሽ

ከላውንደሪው በላይ ካለችው ክፍሌ፣
ጥር ፲፬ ቀን